ለልብ ምርመራ የምንሰጠውን ጨረር የቀነስንበት መንገድ

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ በሚገኝ ሆስፒታል በኑክሌር ሕክምና ክፍል ስሠራ፣ የልብን የደም ዝውውር አስቀድመን በዕረፍት፣ ከዚያም በትሬድሚል ወይም በመድኃኒት ልብ ላይ ጫና ፈጥረን እናነሣ ነበር። ለእያንዳንዱ ምስል ቴክኒሺየም 99ኤም የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ስለሚወጋ ታካሚው በጠቅላላው 10 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ) ገደማ ይቀበላል፤ ይህም በአሜሪካ የሚኖር ሰው ከአካባቢው በተፈጥሮ በሦስት ዓመት ከሚያገኘው ጋር ይቀራረባል። ለዚሁ ምርመራ የሚወጋው ሌላው ንጥረ ነገር፣ ታሊየም 201፣ ከዚህም የበለጠ ጨረር ያሳርፋል።

ከልብ ሐኪሙ ጋር ተመካክረን ቅደም ተከተሉን ገለበጥነው። በጫና ጊዜ የተነሣው ምስል ጤናማ ከሆነ የዕረፍቱ አያስፈልግም፤ በመጀመሪያ የሚወጋው መጠንም አነስተኛው በመሆኑ ተጋላጭነቱ ወደ 3 ሚሊሲቨርት ገደማ ይወርዳል። ቀድሞ የልብ ድካም ወይም የልብ ጡንቻ ጉዳት ለደረሰባቸው ግን የዕረፍቱ ምስል ብዙ ጊዜ አይቀርም፤ ሰውነታቸው ከባድ ለሆኑትም አነስተኛው መጠን ጥርት ያለ ምስል ስለማይሰጥ ምርመራውን በሁለት ቀን እንከፍለዋለን። ያስቸገረን ካሜራው ሳይሆን፣ ታካሚው ከመሄዱ በፊት ምስሉን የሚያይ ሐኪም ማግኘቱ ነበር።

በጀርባ ተኝተው ሲነሡ ድያፍራም (ደረትንና ሆድን የሚለየው ጡንቻ) የልብን የታችኛውን ግድግዳ ጋርዶ ደም ያነሰው ሊያስመስለው ይችላል። በዚህ ጊዜ ታካሚውን በሆዱ አስተኝቼ ደግሜ አነሣለሁ፤ ካሜራው ቀድሞ የተወጋውን ብቻ ስለሚያነብ ተጨማሪ ጨረር የለም፤ ጥላው ከጠፋም አብዛኛውን ጊዜ የዕረፍቱ መርፌ ይቀራል።

አዲሱ አሠራር ለዝግጅት የምሰጠውን ግምት ለውጦታል። አንዲት እናት በመድኃኒት ሊመረመሩ መጥተው፣ «እማማ፣ ዛሬ ቡና ጠጥተዋል?» ብላቸው፣ «አቦሉን ብቻ ነው ልጄ፣ ቶናውን መቼ ጠበቅሁ!» አሉኝ። ካፌይን ልብ ላይ ጫና ለመፍጠር የምንሰጠውን መድኃኒት፣ የአዴኖሲንን፣ ሥራ ስለሚያግድ የታመመ ልብ ጤነኛ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ በአንድ ምስል ብቻ ለምናሰናብት ደግሞ ይህ ከጨረሩ የከፋ አደጋ ነው። ቀጠሯቸውን አዛወርን፤ አኩርፈውኝ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ለአገሬ ሰዎች ስደውል «ካፌይን» ከማለት ይልቅ ቡናም ሻይም፣ ለስላሳም ጭምር፣ ለ12 ሰዓት እንዳይነኩ በስም እየጠራሁ እነግራቸዋለሁ።

ከሁሉ የሚቀንሰው ግን ያልተደረገ ምርመራ ነው። ወጣት የሆነችና ሩጫ የማያቅታት ሴት ስትላክልን፣ ጨረር የሌለው የጫና ኢኮ (ልብን በጫና ጊዜ በአልትራሳውንድ ማየት) ይበቃት እንደሆነ ወደ ላካት ሐኪም ደውሎ እንዲጠይቅ ለክፍላችን ሐኪም አሳውቃለሁ፤ አንዳንዶቹ ላኪዎች ይቆጣሉ፣ አንዳንዶቹም ትእዛዙን ይቀይራሉ።