ከቼንጂያጎው እስከ ጓንግፉ፦ የታይ ቺን ዘር ስቆጥር

በቻይና ከሄናን ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ከዠንግዡ ተነስቶ ቢጫ ወንዝን የሚሻገረው መንገድ ማዶም ሜዳ ለሜዳ ነው፤ ግራ ቀኙ እርሻ። ታይ ቺ የተባለውን የቻይና የትግል ጥበብ ዣንግ ሳንፌንግ የሚባል መናኝ ተራራ ላይ ፈጠረው የሚለውን ተረት ለሰማ ሰው የወን ወረዳ መልክዓ ምድር አይጥመውም። ቼንጂያጎው የዚሁ ወረዳ የገበሬ መንደር ነው። አሁን ግን በየመንገዱ የታይ ቺ ትምህርት ቤት አለ፤ ቤተ መዘክርም ተሠርቶለታል።

እዚህ ዘር መቁጠር ቀላል ይመስላል። ብዙው ሰው ቼን ነው፤ አስተማሪዎቹም ስማቸውን አስከትለው ስንተኛ ትውልድ እንደሆኑ ይናገራሉ። ዘጠነኛው ትውልድ ቼን ዋንግቲንግ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ የሚንግ መንግሥት ሲወድቅ፣ ውትድርናውን ትቶ ቤቱ ገብቶ ቅጾቹን፣ ማለትም ተከታትለው የሚሠሩትን የእንቅስቃሴ ድርድሮች፣ አቀናበረ ይላሉ። ታሪክ አጥኚው ታንግ ሃውም በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እዚህ መጥቶ ከመረመረ በኋላ በዚሁ ተስማምቷል። የጎረቤት መንደር የዣውባው ሰዎች ግን የእኛ ታይ ቺ የመጣው ጂያንግ ፋ ከሚባል ሌላ ሰው ነው ባዮች ናቸው። የጎረቤት ክርክር ስለሆነ በቶሎ የሚያልቅ አይመስለኝም።

አንድ ግቢ ውስጥ ልጆች ሲለማመዱ ቆሜ አየሁ። ወገባቸውን በዝግታ ይጠመዝዙና ድንገት መሬቱን በእግራቸው ይረግጡታል፤ ክርናቸው ይወነጨፋል፤ አቧራው ይነሳል። አሮጌውና አዲሱ ቅጽ በምን እንደሚለያዩ አስተማሪያቸውን በአስተርጓሚ ጠየቅኋቸው። በቃል ከማስረዳት ይልቅ አንዱን እንቅስቃሴ ሁለት ጊዜ አሳዩኝ፤ በሁለተኛው የእጃቸው መጠማዘዝ በዛ። ይህ አዲሱ የተባለው ከቤጂንግ የተመለሰ ነው። ቼን ፋከ በ1928 ቤጂንግ ሄዶ እስኪሞት ድረስ አስተማረ፤ ልጁ ቼን ዣውኩይ በ1970ዎቹ መንደሩ መጥቶ ያባቱን አካሄድ ለዘመዶቹ አስተማራቸው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የዘር ዛፍ ሥዕል ቅርንጫፍ ወደ ግንዱ ሲመለስ የሚያሳይበት መንገድ የለውም።

የያንግ ታይ ቺ መሥራች ያንግ ሉቻን ተማረበት የሚባለውን ግቢም አየሁ። አገልጋይ መስሎ ሌሊት ሌሊት በቀዳዳ እያጮለቀ ተማረ የሚለውን ወሬ አስጎብኚዎች ይወዱታል። እኔን የሳበኝ መድኃኒት ቤቱ ነው። ከዚህ መንደር የሆነ ቼን ደሁ የሚባል ሀብታም በሄቤይ ክፍለ ሀገር፣ በያንግ አገር በዮንግኒያን፣ መድኃኒት ቤት ነበረው ይባላል፤ ያንግም ከአስተማሪው ከቼን ቻንግሺንግ ጋር የተገናኘው በዚያ በኩል ነው። የቤተሰቡ ጥበብ ከቤተሰቡ የወጣው በነጋዴ መንገድ መሆኑ ነው።

እኔም ያንኑ አቅጣጫ ይዤ በባቡር ወደ ሃንዳን፣ ከዚያም ወደ ጓንግፉ አመራሁ። ጓንግፉ በዮንግኒያን ያለ፣ በግንብ የታጠረ፣ ዙሪያውን ውሃ የከበበው አሮጌ ከተማ ነው። የያንግ ሉቻንም የሌላው የታይ ቺ ሊቅ የዉ ዩሺያንግም መኖሪያ እዚሁ ይጎበኛል። ዉ የተማረ፣ የደህና ቤተሰብ ልጅ ነበር። መጀመሪያ ከያንግ ተማረ፤ ያ አልበቃ ብሎት ሄናን ድረስ ወርዶ ዣውባው ውስጥ ከቼን ቺንግፒንግ ተማረ። ታዲያ በየትኛው ቅርንጫፍ ይጻፍ? የእሱን መስመር ከያዙት ከሃው ዌይዠን የተማረው ሱን ሉታንግ ደግሞ ቀድሞ ሺንግዪና ባጓ የሚባሉ የሌሎች ሁለት የትግል ጥበቦች ሊቅ ስለነበር፣ ሦስቱን አዋህዶ የራሱን ቤት፣ ማለትም የራሱን የታይ ቺ ስልት፣ መሠረተ።

ያንግ ቤጂንግ ገብቶ ስሙ ገነነ። ከማንቹው ተማሪው ከቿንዮው ሌላ የዉ ቤት ወጣ፤ ከመጀመሪያው ዉ ጋር ዝምድና የለውም። የያንግ ሉቻን የልጅ ልጅ ያንግ ቼንግፉ ቅጹን ዘርጋ፣ ለስለስ፣ እኩል በሆነ ፍጥነት አደረገው፤ የእግሩ ርግጫ ቀረ። በ1956 የተዘጋጀው ባለ 24 እንቅስቃሴ አጭር ቅጽ መሠረቱ ይኸው ስለሆነ፣ ዓለም በየመናፈሻው የሚያውቀው ታይ ቺ አቧራ አያስነሳም።

ግንቡ ሥር የሚለማመዱ አንድ ሽማግሌን የማን ቤት እንደሆኑ አስጠየቅሁ። የያንጉን ከጎረቤታቸው፣ የዉን ከአጎታቸው መማራቸውን ነገሩኝና፣ ጠዋት ጠዋት ጉልበታቸውን ካመማቸው የዉን እንደሚያስቀድሙ ጨመሩልኝ።