የደንገል እግር ያለው ጠረጴዛ

ዛሬ ጠረጴዛዬ በአራት እግሩ ቆመ። ሦስት ቅዳሜ ፈጅቷል።

ሐሳቡ የመጣልኝ ጣና ዳር ቁጭ ብዬ ደንገል፣ ያን ታንኳ የሚሠራበትን የውሃ ዳር ተክል፣ ሳይ ነው። አገዳው ሦስት ማዕዘን ነው፤ ቆርጣችሁ እዩት። አናቱ ላይ እንደ ፀጉር ይበተናል። የጠረጴዛዬን የብረት እግሮች እንደዚያ ላድርጋቸው አልኩ።

ከባዱ አናቱ ነበር። የብረቱን ጫፍ አግሎ በመሮ መሰንጠቅ፣ ከዚያ እያንዳንዱን ስንጣቂ እንደ ቅጠል አቅጥኖ ወደ ውጭ መቆልመም። ዛሬ የመጨረሻውን እግር ስሠራ ቸኮልኩ። ብረቱ ደብዘዝ ያለ ቀይ ሆኖ እያለ መታሁትና አንዱ ቅጠል ከሥሩ ተሰነጠቀ። የሚያስተምሩኝ ጋሼ ክንዴን ያዝ አድርገው «ብርቱካን እስኪመስል ጠብቀው እንጂ ልጄ» አሉኝ። ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው ሲባል ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ፤ የገባኝ ግን ዛሬ በእጄ ነው። ብርቱካን ሲሆን እንደ ሊጥ ይታዘዛል። ሲጠቁር መዶሻውን ያነጥራል፤ ንዝረቱ እስከ ትከሻ ይሰማል።

እኚህ ሰው በልጅነታቸው «ቀጥቃጭ» እየተባሉ ተሰድበዋል። ማረሻውም ማጭዱም ከማን እጅ ወጣና ነው? በጣም ያናድደኛል።

መጨረሻ ላይ ብረቱ ትኩስ እንዳለ ሰም ቀባነው። ጨሰ፣ ጠቆረ፣ አብለጨለጨ። ቤቱ ማር ማር ሸተተ። ነገ እናቴ ሲኒዎቿን ትደረድርበታለች።