ሬይን ቼክ ያለችኝ ቀን
ዛሬ ከስራ ስወጣ ዶፍ እየወረደ ነበር፣ እስኪያባራ ብዬ መኪና ውስጥ ቁጭ ስል ያቺ ጃማይካዊት የስራ ጓደኛዬ ትዝ አለችኝ። አሜሪካ በመጣሁ በመጀመሪያው አመት ሜሪላንድ ውስጥ አንድ የአዛውንቶች መጦሪያ አብረን ከሰአት ሺፍት እንሰራ ነበር፣ አንዴ ቅዳሜ ቤት ነይና ቡና ላፍላልሽ አልኳት። ፈገግ ብላ «ካን አይ ቴክ ኤ ሬይን ቼክ?» አለችኝ። ሬይን ዝናብ ነው፣ ቼክም ያው የባንኩ ቼክ መሰለኝ፣ ሁለቱን ባገጣጥማቸው ምንም አልሰጡኝ፣ ብቻ እሺ እንዳላለችኝ ገባኝ። እኛ ጋ ደግሞ ቡና ተጠርቶ እምቢ ማለት ቀላል ነገር አይደለም፣ ቅር አለኝ፣ ሁለተኛም አልጠራኋትም።

ከስንት ወር በኋላ እራሷ ናት «ቡናዬስ?» ያለችኝ። ለካ ነገሩ የመጣው ከቤዝቦል ነው፣ ድሮ በፈረንጆቹ 1800ዎቹ መጨረሻ ጨዋታው በዝናብ ሲቋረጥ ተመልካቹ ሌላ ቀን ሳይከፍል የሚገባበት ወረቀት ይሰጠው ነበር፣ እሱ ነው ሬይን ቼክ። እሷ ያለችኝ ዛሬ አልተመቸኝም ቡናዬን ግን አቆዪልኝ ነው፣ እኔ ግን ያን ሁሉ ጊዜ በልቤ ተቀይሜያት ከረምኩ። መጥታ እስከ በረካው ጠጣች።

ማታ የምማርበት ክላስ የእንግሊዝኛ ፈሊጥ ዝርዝር ሰጥተውን ነበር፣ ዶፍ ወረደ ለማለት ድመትና ውሻ ዘነበ የሚለው አንደኛ ላይ ነው፣ እስከዛሬ አንድም ሰው ሲለው አልሰማሁም። ስራ ቦታ የምሰማው ሌላ ነው፣ ለዛሬ ይብቃን ለማለት «ሌትስ ኮል ኢት ኤ ዴይ»፣ እኛ ውሃ መጠጣት ነው የምንለውን ደግሞ «ፒስ ኦፍ ኬክ»።

ከሁሉም የማልረሳው ግን «አንደር ዘ ዌዘር» ነው። የምንከባከባቸው አንዲት ትልቅ ሴት ዛሬ ትንሽ አንደር ዘ ዌዘር ነኝ አሉኝ፣ ዌዘር የአየር ሁኔታ ነውና በርዷቸው መስሎኝ ማሞቂያውን ጨመርኩላቸውና ሄድኩ። አሞኛል ማለታቸው ነበር። በኋላ ነርሷ ስትለካቸው ትኩሳት አላቸው፣ ያኔ የደነገጥኩት ድንጋጤ እስካሁን አለ። አዛውንቶች ደግሞ ህመማቸውን አሳንሰው ነው የሚናገሩት፣ ሰው እንዳያስቸግሩ፣ ስለዚህ አዲስ ሀበሻ ስራ ሲገባ መጀመሪያ የምነግረው ይሄን ቃል ነው፣ ስትሰሙት ሳትውሉ ሳታድሩ ለነርስ ንገሩ እላለሁ።

ትናንት ደግሞ ከእማዬ ጋር በስልክ አውርቼ ስዘጋ ሆዴ ባባ ስል ልጄ ሰማኝ። እዚህ የተወለደ ነው፣ «ማሚ ሆድሽን አመመሽ?» አለኝ። አይ አልኩት፣ ግን በእንግሊዝኛ ልነግረው ብል ቃል አጣሁለት፣ ሳድ የሚለው አይበቃውም። ሰው ናፍቆሽ እንባሽ ሲመጣ ማለት ነው ብዬ በአማርኛው ነገርኩት። ትንሽ አሰብ አደረገና «እንደገና ደውዪላት» አለኝ።