5070 ቲአይ ወይስ 9070 ኤክስቲ? ጎንደር ላይ እንዴት መረጥኩ

የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ለጥምቀት ሲመጣ ግራፊክስ ካርድ (የኮምፒውተሩን ምስል የሚሠራውን ክፍል) ሊያመጣልኝ ተስማማን። ሁለት ቀሩኝ፦ የኤንቪዲያው አርቲኤክስ 5070 ቲአይ እና የኤኤምዲው አርኤክስ 9070 ኤክስቲ። «አንተ ወስን እንጂ፣ ሻንጣ ልዘጋ ነው» እያለ ይደውላል።

መወሰኑ ከባድ ነው፤ በጣም ይመሳሰላሉ። ሁለቱም 16 ጂቢ ሚሞሪ አላቸው። የ5070 ቲአይ ፍጆታ 300 ዋት፣ የ9070 ኤክስቲ 304 ነው። በፈረንጆቹ 2025 መጀመሪያ ሲወጡ የ5070 ቲአይ መነሻ ዋጋ 749፣ የ9070 ኤክስቲ ደግሞ 599 ዶላር ነበር። እኔ የምጫወተው በ1440ፒ ሞኒተር ነው (ከላይ ወደ ታች 1440 ነጥብ ያለው ማለት ነው)፤ ለዚያ ሁለቱም ይተርፋሉ። ፓዝ ትሬሲንግ (የብርሃንን ጉዞ እያሰላ ምስል የሚሠራ ከባድ ዘዴ) ያለበት ጌም ላይ ግን 5070 ቲአይ በግልጽ ይበልጣል። ምስሉን በአነስተኛ ጥራት ሠርቶ በኤአይ የሚያሳድገው የኤንቪዲያ ዲኤልኤስኤስም ከኤኤምዲ አቻው ከኤፍኤስአር 4 በበለጡ ጌሞች ውስጥ አለ።

የፍሬም (ካርዱ በሴኮንድ የሚያወጣው ምስል ብዛት) ንጽጽር ማየቱን ትቼ ካርዱ የሚገባበትን ቤት ማየት ጀመርኩ።

መብራታችን 220 ቮልት ነው ይባላል። ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ ግን ይወርዳል። ቮልቴጅ ሲወርድ ፓወር ሰፕላይ (ለኮምፒውተሩ ክፍሎች ኃይል የሚያከፋፍለው) ያንኑ ዋት ለማግኘት ብዙ አምፔር ይስባል፣ ይግላል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ ቮልቴጁ ዘልሎ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ርካሹን 9070 ኤክስቲን መረጥኩና የተረፈውን ገንዘብ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚይዝ መሣሪያ) ላይ አዋልኩት። እዚህ ላይ ብዙ ልጆች ይሸወዳሉ፦ ዩፒኤስ ላይ የሚጻፈው 1000 ቪኤ (ቮልት ሲባዛ በአምፔር) ማለት 1000 ዋት አይደለም። በየሱቁ ያለው አብዛኛው 1000 ቪኤ ዩፒኤስ የሚሸከመው 600 ዋት ገደማ ነው። ሻጩን ዋቱን ጠይቁት፤ ካላወቀ ከጀርባው ተጽፏል፣ አዙራችሁ አንብቡ። የእኔ ኮምፒውተር ጌም ላይ ወደ 500 ዋት ስለሚጠጋ ከዚያ ከፍ ያለ ገዛሁ።

ሌላው ገመድ ነው። 5070 ቲአይ ባለ 16 ፒን መሰኪያ ይፈልጋል፤ የድሮ ፓወር ሰፕላይ ላይ በአስማሚ ነው የሚሰካው። የመረጥኩት የ9070 ኤክስቲ ሞዴል በሁለት ተራ ባለ 8 ፒን ገመድ ይሠራል፤ እነሱ ደግሞ በእጄ ነበሩ። 750 ዋት ፓወር ሰፕላዬ ለሁለቱም በቂ ነው።

ስለ ማቀዝቀዣም አንድ ነገር። ጎንደር ብርድ ስላለ ካርድ አይግልም የሚል አለ። ከተማችን ግን ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ 20 በመቶ ገደማ ስስ ስለሆነ ፋኑ በዚያው ፍጥነት ዞሮ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። ባለ ሦስት ፋኑን፣ ትልቁን ሞዴል ያስመጣሁት ለዚህ ነው። ከማዘዜ በፊት ኬዜን (የኮምፒውተሬን ሳጥን) በሜትር ለካሁ፤ እነዚህ ካርዶች 30 ሳንቲ ሜትር ያልፋሉ።

ዋስትናው ጎንደር ድረስ አይመጣም። ስለዚህ የአክስቴን ልጅ፣ መመለሻ ጊዜው ሳያልፍ እዚያው ጓደኛው ኮምፒውተር ላይ ከባድ ጌም አስጫውቶ እንዲፈትነው ለመንኩት። ፈተነው፣ ደረሰኙን ይዞ በእጅ ሻንጣ አመጣው።

አሁን የካርዱን የኃይል ገደብ 10 በመቶ ዝቅ አድርጌ ነው የምጫወተው። የፍሬም ልዩነቱ በዓይን አይታወቅም፣ ፋኑ ግን ዝም ብሏል።

ማራኪ ሰፈር ያለው ጓደኛዬ ከጌም ሌላ በብሌንደር (የ3ዲ ምስልና አኒሜሽን መሥሪያ ሶፍትዌር) ይሠራል። ለእሱ ያልኩት 5070 ቲአይ ነው፤ ሬንደር (የ3ዲ ሥራውን ወደ ምስል መቀየር) ላይ የኤንቪዲያ ካርድ ይፈጥናል።