ዓባይን ከውሃው ላይ ሆኖ ማየት

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ትልቅ ወንዝ የሚታየው ከላይ ነው። ከለሚ ወደ ዓለም ከተማ የተጓዘ ያውቀዋል። ገደሉ አፋፍ ላይ ስትደርሱ ጀማ ከሩቅ ቁልቁል ይታያል፣ መኪናው ሲጠማዘዝ ሲጠማዘዝ ይወርዳል፣ ድልድዩን እልፍ ትላላችሁ፣ ከዚያ ደግሞ ዳገት። ደብረ ብርሃን አጠገብ የሚያልፈው በሬሳ ጀማ ይገባል፣ ጀማ ዓባይ ይገባል፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ግን በካርታ እንጂ በዓይን አናውቀውም። ግብጽ ድረስ ሄጄ ዓባይ ላይ በመርከብ እንድጓዝ የጎተተኝ ይሄ ነው።

ሰፈር ውስጥ ያልሳቀብኝ የለም። "ወንዝ ለማየት ብለሽ ዶላር?" እማዬ ግን አልሳቀችም። "የግዮንን ውሃ በሃይላንድ አምጪልኝ" አለችኝ፣ በቃ።

ግብጽ ውስጥ ዋናው የመርከብ ጉዞ ከሉክሶር እስከ አስዋን ያለው ነው፤ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ። መርከቡ ግን አብዛኛውን ጊዜ 4 ሌሊት ይፈጅበታል፤ ከአስዋን ከተነሳችሁ 3። ለመኪና የግማሽ ቀን መንገድ እኮ ነው። ጣዕሙ ያለው ግን እዚያው መዘግየቱ ላይ ነው። ሻንጣ አንዴ ትፈታላችሁ፣ አለቀ። ሆቴሉ ራሱ ይሄዳል። ሰገነቱ ላይ ሻይ ይዛችሁ ስትቀመጡ የቴምር ዛፍ፣ በአህያ ሸንኮራ የሚጭን ገበሬ፣ ልብስ የምታጥብ ሴት፣ ከአረንጓዴው ጀርባ ወዲያው የሚጀምረው በረሃ፣ ሁሉም ቀስ እያለ በተራው በፊታችሁ ያልፋል። ዋይፋዩ ደካማ መሆኑ እንኳን ጠቅሞኛል።

አካሄዴ ይሄው ነው። መጀመሪያ ቪዛ፣ አዲስ አበባ ካለው ኤምባሲያቸው። ቪዛው ሳይወጣ ለመርከብ አትክፈሉ፤ ቀኑ ሲገፋ ብር የሚመልስላችሁ የለም። ከአዲስ አበባ ካይሮ አውሮፕላን፣ ከካይሮ ሉክሶር ባቡር። ወቅቱን ጥር አደረግሁት፣ ጥምቀትን አክብሬ ነነዌ ሳይገባ። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሙቀታቸው ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፣ ለደብረ ብርሃን ልጅ የሚሆን አይደለም። ጥር ላይ ቀኑ ደስ ይላል፣ ማታ ሰገነቱ ላይ ፈረንጆቹ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ሲንቀጠቀጡ እኔ ነጠላዬን ጣል አድርጌ ነበር።

ክፍል ስትይዙ ከላይኛው ፎቅ ይሁን። መርከቦቹ ወደብ ላይ ጎን ለጎን ስለሚታሰሩ መስኮታችሁን ከፍታችሁ የምታዩት የጎረቤት መርከብን መጋረጃ ሊሆን ይችላል፤ ወደ ምድር ለመውረድም የሌሎችን መርከቦች ሳሎን እያቋረጣችሁ ነው። ከሉክሶር ወደ አስዋን ስትሄዱ ቀኝ በኩል ምዕራብ ነው፣ ጀንበር የምትጠልቀው በዚያ ነው።

ረቡዕና አርብ ምግብ ይቸግረኛል ብዬ በሶና ዳቦ ቆሎ ይዤ ነበር። አላስፈለገም። ግብጽ ውስጥ ኮፕቶችም ስለሚጾሙ "ሲያሚ" ብላችሁ ብትጠይቁ አስተናጋጁ ገብቶት ፉል፣ ከባቄላ የሚጠበስ ፈላፍል፣ ምስር ያቀርባል። ጉርሻ ግን በየቦታው ይጠበቃል፤ ዝርዝር ገንዘብ ያዙ።

መንገድ ላይ ባለችው እስና ከተማ መርከቦች በውሃ በሮች መሃል ገብተው ከፍ እስኪሉ ወረፋ ይጠብቃሉ። ነጋዴዎቹ ያኔ በትንንሽ ጀልባ ይመጣሉ፣ መርከቡን በገመድ ይይዛሉ፣ ሻርፕና ጀለቢያ በፌስታል ጠቅልለው ወደ ሰገነቱ ይወረውራሉ። ካልፈለጋችሁ መልሳችሁ ትወረውራላችሁ፣ ከተስማማችሁ ብሩን ፌስታል ውስጥ አድርጋችሁ። መርካቶ የለመደ ሰው ክርክሩን ይወደዋል።

መርከቡ ከሚቆምባቸው አንዱ በሆነው ኤድፉ ያለው፣ ሆረስ ለሚባል የጥንት አምላካቸው የተሠራው ቤተ መቅደስ ትልቅ ነው፣ ሰው ይበዛበታል። ቀጥሎ ያለው የኮም ኦምቦ ቤተ መቅደስ ይበልጥብኛል። የአዞ ቅርጽ ላለው ለሶቤክና ለሆረስ የተሠራ ነው፣ አጠገቡም የደረቁ አዞዎች ያሉበት ሙዚየም አለ። የውሃ መለኪያ ጉድጓድም አለው። በዚህ ዓይነት መለኪያ የጎርፉን ከፍታ እያዩ ግብር ይተምኑ ነበር። አስጎብኚያችን ጥንታውያኑ ጎርፉ አስዋን አጠገብ ካለ ዋሻ ይወጣል፣ የሚለቀውም ኽኑም የሚባል የበግ ራስ ያለው አምላክ ነው ብለው ያምኑ እንደነበር ሲነግረን ፈገግ አልኩ። ዋሻው እኛ ጋ ነዋ! የሐምሌና የነሐሴ ዝናባችን ነው። አስዋን ከሚደርሰው ውሃ 85 በመቶ ገደማው የሚነሳው ከኢትዮጵያ ደጋ ነው።

ከየት ነሽ ሲሉኝ ኢትዮጵያ ካልኩ፣ ቀጣዩ ቃል "ግድቡ" ነው። አልተከራከርኩም። "እኔም ከወንዙ ጋር ነው የመጣሁት" ስላቸው ይስቁና ሻይ ይጨምሩልኛል።

አስዋን ላይ ውሃው ጥርት ያለ ነው። ክረምት ላይ ጀማን ለሚያውቅ ሰው ያው ወንዝ መሆኑን ማመን ይከብዳል። ምክንያቱ በ1970 እ.ኤ.አ. ያለቀው ታላቁ ግድባቸው ነው፤ ደለሉ ከኋላው ናስር ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። አፈራችን እዚያ ድረስ ተጉዞ እዚያ ይተኛል ማለት ነው። ፊላይ የሚባለው፣ የጥንት አምላካቸው የኢሲስ ቤተ መቅደስም በውሃው ምክንያት ድንጋይ በድንጋይ ፈርሶ ሌላ ደሴት ላይ ተተክሏል። ውስጡ ክርስቲያኖች የቀረጿቸው መስቀሎች አሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ነበርና። እኔ እዚያ ነው ብዙ የቆየሁት። ሌላው ፎቶ ሲያነሳ ተሳልሜ ወጣሁ። የእማዬን ሃይላንድም በመልሱ ከጀልባዋ ዳር ሞላሁላት። አውሮፕላን ላይ በእጅ ሻንጣ ስለማይፈቀድ በፌስታል ጠቅልሎ ወደሚጫነው ሻንጣ ማስገባት ነው።

አቡ ሲምብል የሚባለው ከዓለት የተፈለፈለ ቤተ መቅደስ ከአስዋን በመኪና 280 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ጎህ ሳይቀድ ይወጣል፣ ክፍያውም አብዛኛውን ጊዜ ለብቻ ነው። አቅም ካለ አይታለፍ። ለሚቀጥለው ዳሃቢያ በሚሉት ባለ ሸራ ጀልባ ነው የምሄደው። ጥቂት ሰው ብቻ ስለሚይዝ ትልልቆቹ መርከቦች የማይቆሙበት ደሴት ላይ ያድራል፣ ሞተርም አይጮህባችሁም። ዋጋው ይበልጣል፤ አሁን ዕቁብ ገብቻለሁ።