ሳይገባኝ የገባሁበት ቃል

ከዚራ ውስጥ፣ ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር፣ ሁለት ኮምፒውተርና አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን ያላት የጽሕፈትና የትርጉም ቤት ነበረችን። ባለቤቱ ጋሼ ናቸው፤ እኔ ተቀጣሪ ነኝ። «ነበረችን» የምለው ድሬ ላይ በአንድ ክፍል አብሮ ያላበው ሰው ሁሉ ባለድርሻ ስለሚሆን ነው። ደንበኞቻችን በብዛት ከፍርድ ቤት የሚመጡ ናቸው። ክስ፣ መልስ፣ ይግባኝ፣ ውክልና። አራት ዓመት ይህንኑ ስተይብና ስተረጉም ከርሜ ጭንቅላቴ ራሱ ችሎት ሆኖ ነበር።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ፣ ጋሼ ሽርጣቸውን ታጥቀው ወንበር ላይ እያንጎላጁ፣ ክንዱን በጄሶ ያሰረ ሾፌር ገባ። የደንገጎን ቁልቁለት ሲወርድ ሚኒባሱ ከመንገድ ወጥቶበታል፤ ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ደግሞ ከሶታል። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን የሐኪም ወረቀት ጠበቃው በአማርኛ አስተርጉመህ አምጣ ብሎታል። አንድ ገጽ ነች። «ነገ ጠዋት ና» አልኩት፤ ከፊሉን ብሩን ተቀበልኩ።

የሐኪም ጽሑፍ እንደምታውቁት ነው፣ ጉንዳን ቀለም ነክራ የሄደችበት ይመስላል። ግን አነበብኩት። ያጠፋኝ ያላነበብኩት ሳይሆን አጥርቼ ያነበብኩት መስመር ነው። በፊደላችን ላስፍረው፦ «ኦን አድሚሽን፣ ፔሸንት ኮንሸስ፣ ዲናይስ አልኮሆል ኢንቴክ።»

ለችሎት ጭንቅላት ከዚህ የበለጠ ግልጽ ነገር የለም። አድሚሽን ማመን ነው፤ ዲናይ ማለት መካድ ነው። የእምነት ክህደት ቃል! እንዲህ ብዬ ጻፍኩት፦ «ታካሚው ባመነ ጊዜ ራሱን ያውቅ የነበረ ሲሆን፣ አልኮል መጠጣቱን ግን ክዷል።» እንዲያውም «የነበረ ሲሆን» የምትለዋን ሳስገባ ደስ ብሎኛል። ማህተም መታሁበት።

በነጋታው ከሰዓት ሾፌሩ ተመልሶ መጣ። ወረቀቱን በደህናው እጁ ጠረጴዛው ላይ አኖረና ጣቱን መስመሩ ላይ ሰነቀረ።

«አቦ፣ ምንድን ነው ያመንኩት?»

«እ?»

«ጠበቃዬ ‹እኔ ሳላውቅ ምን አምነህ መጣህ› ብሎ ጮኸብኝ። ወላሂ ምንም አላመንኩም። ሐኪሙ ጠጥተሃል ወይ አለኝ፣ አልጠጣሁም አልኩት። በቃ።»

ጋሼ አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። ጡረተኛ የምድር ባቡር ሠራተኛ ናቸው፤ እንግሊዝኛቸው ከእኔ አይበልጥም፣ ፈረንሳይኛቸው ግን የድሮው ነው። ድሬዳዋ እኮ በ1902 እ.ኤ.አ. ከጅቡቲ የመጣው ሐዲድ የወለዳት ከተማ ናት። ሰዉ ሳያውቀው ፈረንሳይኛ ሲያወራ ይውላል፤ ለገሃር የምንለው ራሱ በፈረንሳይኛ «ጣቢያው» ማለት ነው። ጋሼ ወረቀቱን ወደ መነጽራቸው አስጠግተው፣ «አድሚ» አሉ፣ የመጨረሻዋን ድምፅ ዋጥ አድርገው። «እኔ ተማሪ ሳለሁ የፈተና ውጤት ሲለጠፍ ከስሜ ጎን ‹አድሚ› የምትል ካየሁ እስከ ደቻቱ እሮጥ ነበር። አለፈ፣ ገባ ማለት ነው። አንተ ልጅ፣ ይሄ ሰውዬ እኮ ሆስፒታል ገባ ነው የሚለው!»

ፊቴ ነደደ፤ በሙቀቱ አላመካኝም። አድሚሽን ካርድ ይዤ ማትሪክ የተፈተንኩ ሰው ነኝ። ጎረቤቴ ነርስ ናት፣ በየማታው «ዛሬ ሦስት ሰው አድሚት አደረግን» ስትል እሰማለሁ። ቃሉን ሁለት ቦታ በትክክል አውቀዋለሁ፤ ወረቀት ላይ ሳገኘው ግን ሦስተኛውን፣ የፍርድ ቤቱን፣ አመጣሁ። ማታ ለነርሷ ስነግራት «ዲናይስ»ም የእኔ አይነት ክህደት እንዳልሆነ አስረዳችኝ። ሐኪሞች ታካሚው «የለም» ወይም «አላደረግሁም» ያለውን ሁሉ በዚያ ቃል ይጽፋሉ። ሳል አለብህ? የለም። ዲናይስ ሳል። ሰው ሳሉን ክዶ አያውቅም።

ያን ሌሊት ስልኬ ላይ ቃሉን ስቆፍር አነጋሁ። ሥሩ ላቲን ነው። «አድ» ወደ፣ «ሚተሬ» መላክ ወይም መልቀቅ፤ ሲገጣጠሙ ወደ ውስጥ መልቀቅ፣ ማስገባት። ሚሲዮን ከዚሁ የመላክ ሥር ነው፤ ተፈሪ መኮንንን በልጅነታቸው ሐረር ላይ ፈረንሳይኛ ያስተማሯቸው የካፑቺን ሚሲዮኖችም በስማቸው «የተላኩ» ናቸው። ሚሳይልም የዚያው ቤት ልጅ ነው፤ የላኪው ዓላማ ይለያይ እንጂ። ፈቃድ የምንልበት ፐርሚትም፣ ከሥራና ከትምህርት ቤት ማባረር የምንልበት ዲስሚስም አሉበት። እኔ በዚያች ሌሊት ሁለተኛውን ነበር የምፈራው።

ከሁሉ የወደድኩት የሮማ ነገሥታት ግቢ ነው። እንግዳ ወደ ንጉሡ የሚያስገቡ ሹማምንት «አድሚሲዮናሌስ» ይባሉ ነበር። ያው የእኛ እልፍኝ አስከልካይ ነው! እነሱ ባለሥልጣኑን በሚያስገባው ሰው ጠሩት፣ እኛ በሚያስቀረው።

ታዲያ ማመን ከየት መጣ? ከዚያው በር። አንድ ነገር ተነገረህ፤ በርህን ዘግተህ «አላውቀውም» ትላለህ፣ ወይም ከፍተህ ታስገባዋለህ። ያስገባኸው ነገር ነው ያመንከው። እንግሊዝኛው ሰውን ወደ ሆስፒታል፣ ተማሪን ወደ ዩኒቨርሲቲ፣ ተመልካችን ወደ ስታዲየም፣ ነገርን ወደ ልብ በአንድ ቃል ያስገባል። በሩ ላይ የሚከፈለው የመግቢያ ዋጋም አድሚሽን ነው። ወንድሙ «አድሚታንስ» ግን በአብዛኛው እግር ሲገባ ብቻ ነው፤ ክልክል ነው የሚል ሰሌዳ ላይ ታዩታላችሁ። ኤሌክትሪክ የተማሩ ደግሞ ሌላ ያውቁታል። ኦሊቨር ሄቪሳይድ የሚባል እንግሊዛዊ በ1887 እ.ኤ.አ. ተለዋዋጭ ኮረንት በኤሌክትሪክ ዑደት ውስጥ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚያልፍ ለመለካት ስሙን አውሎታል።

እንግሊዝኛን ልወቅስ ከጀልኩና የራሳችንን «ገባ» አሰብኩ። ሰው ቤት ይገባል፣ ፀሐይ ትገባለች፣ ቃል ይገባል፣ ትምህርት ይገባል። ሲገባህ ታውቃለህ፣ ሳይገባህ ብትቀጣ ደግሞ ያለ ጥፋትህ ነው። በየቀኑ የምተይበው ይግባኝ እንኳ ልብ ብለው ቢያዩት ከዚሁ የወጣ ነው፤ አራት ዓመት ስጽፈው አንድም ቀን በር አልታየኝም። አንድ ፈረንጅ «አልገባኝም» የሚለውን «ወደ እኔ አልመጣም» ብሎ ቢተረጉመው እንስቅበት ነበር።

በማግስቱ ገጿን አዲስ አደረግኳት። «ሆስፒታል ሲገባ ራሱን ያውቅ ነበር፤ አልኮል አለመጠጣቱን ተናግሯል።» ጋሼ አሮጌውን ቅጂ ራሳቸው ቀደዱና ከእኔ ሒሳብ ላይ ሳይቀንሱ አለፉኝ። ለነገሩ ከዚያ ወዲህ የሐኪም ወረቀት ሲመጣ ነርሷ ጋ ደውዬ ሳላነብላት ማህተም አልመታም፤ በወር የካርድ ወጪዬ ጨምሯል።

ሾፌሩ ማንበቡን አልፈለገም። በር ላይ እንደቆመ፣ ባጃጁ እየጠበቀው፣

«አሁንስ ምን ይላል?» አለኝ።

«ገባህ ነው የሚለው።»

«አዎ፣ ገባኝ» አለና ወረቀቱን ጄሶው ሥር ሸጉጦ ሄደ።