ለወፍ ማያ ቴሌስኮፕ ትራይፖድ ስገዛ ማንም ያልነገረኝ

ለቴሌስኮፕ ትራይፖድ፣ ማለትም ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ፣ ልትገዙ ከሆነ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የኪሎ ቁጥር እርሱት። «እስከ 10 ኪሎ ይሸከማል» ማለት አይሰበርም ማለት ነው እንጂ አይንቀጠቀጥም ማለት አይደለም። ለፎቶ ካሜራ ምናልባት ይበቃል። 60 ጊዜ በሚያጎላ ቴሌስኮፕ ስታዩ ግን መንቀጥቀጡም 60 ጊዜ ይጎላል። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ገንዘቤም ጨጓራዬም ይተርፍ ነበር።

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ሥራዬ ወፍ ለማየት የሚመጡ እንግዶችን ይዞ አንኮበር፣ ጀማ ሸለቆና መንዝ ጓሳ መዞር ነው። ቴሌስኮፔ ሌንሱ 80 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከ20 እስከ 60 ጊዜ ያጎላል፣ ዓይን የሚደረግበት በኩል ወደ ላይ ያዘነበለ ነው። አሮጌው ትራይፖድ የተጫነባት በቅሎ አዳልጧት ወደቀችና አንድ እግሩ ተቆለመመ። ቶርኖ ቤት ወሰድኩት። ሲያቃኑት ተሰነጠቀ። የእሱ ነገር በዚሁ አለቀ።

አዲስ አበባ ወረድኩና አንድ የፎቶ ዕቃ መሸጫ ገባሁ። ቴሌስኮፑን ከቦርሳ አውጥቼ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩት። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ። ሻጩ አፈ ቅቤ ነው። «ወንድሜ፣ ይሄ ካርቦን ነው፣ ኦርጅናል! ተራራ ይዘኸው ብትወጣ መያዝህንም ትረሳለህ» አለኝ። ቅለቱስ እውነት ነው። እግሩ ባለ አራት ክፍል ሆኖ ይሳባል፤ አናቱ ላይ ደግሞ ቦል ሄድ የሚሉት፣ በኳስ የሚዞረው ራስ አለ።

«ቴሌስኮፔን ልሰርበትና በበሩ ወደ ውጭ ልይ» አልኩት።

«በር ላይ ዕቃ አናቆምም፣ ደንበኛ ይገባል ይወጣል» አለ። ከዚያ ራሱ ትራይፖዱን ዘርግቶ በሁለት እጁ ቁልቁል ተጫነውና «አየህ? ንቅንቅ የለም!» አለኝ።

ቁልቁል ሲጫኑትማ የትኛውም ትራይፖድ አይነቃነቅም። መያዝ ያለበት አናቱ ነው። አናቱን ይዛችሁ እንደ በር እጀታ ጠምዝዙት። እግሮቹ አብረው ከተጠማዘዙ ጥላችሁ ውጡ። የኔን ሻጭ ዓይነት «አይቻልም» የሚል ካጋጠማችሁም ጥላችሁ ውጡ። ዕቃውን በደንብ የሚያውቅ ሰው አታስሞክር አይልም።

እኔ ግን ገዝቼው ወጣሁ። ከዚያ አንኮበር። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እንግዶች ያን ሁሉ መንገድ የሚመጡት ለአንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ ነው፣ ለአንኮበር ሴሪን። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1976 ተገኝታ በ1979 ሳይንሳዊ ስም የወጣላት ወፍ ናት። አገራችን ካልሆነ ሌላ የትም የለችም። መልኳ ግን አያስደንቅም። ላባዋ ላይ ጠቆር ያለ ሰረዝ ሰረዝ አለ፣ በቃ። ሰረዙ ካልታየ ከሌላ ቡናማ ወፍ መለየት የለም። የምትውለው ደግሞ ገደል አፋፍ ላይ ነው፣ ከቆላው ሽቅብ የሚነፍሰው ነፋስ ፊት ለፊት በሚመታበት ቦታ።

የዚያን ዕለት እንግዳዬ በዕድሜ የገፉ ሴት ነበሩ። ወፎቹን በባይናኩላር አገኘኋቸው። ቴሌስኮፑን ላዞር ቦል ሄዱን ፈታ ሳደርገው ሙሉው ቴሌስኮፕ ወደ ፊት ዘጭ አለ። በእጄ ቀለብኩት። ቦል ሄድ እንዲህ ነው፦ ሲፈታ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይፈታል። መልሼ ወፏ ላይ አነጣጥሬ አጠበቅኩት። እጄን ስለቅ ትንሽ ሰመጠ፣ ወፏ ከላይ በኩል ከእይታ ወጣች። እንግዲህ ከወፏ በላይ ያለውን ባዶ ድንጋይ እያነጣጠርኩ እስኪሰምጥ እጠብቃለሁ። ሴትዮዋ ጎንበስ እስኪሉ ወፎቹ ቦታ ይቀይራሉ። እንደገና ከመጀመሪያው። በመጨረሻ አንዷ ድንጋይ ላይ ረጋ ብላ ቆመችልን። ያኔ ነፋሱ መጣ። የእግሩ የመጨረሻ ክፍል ከእስክሪብቶ አይወፍርም፤ ሲርገበገብ በዓይን ይታያል። ሴትዮዋ ቀና ብለው ጠየቁኝ፦ «አንድ ወፍ ናት ወይስ ሦስት?»

ምን ብዬ ልመልስ?

መመሪያው ወረቀት «ነፋስ ካለ መሃሉ ላይ ባለው መንጠቆ ቦርሳ ስቀሉ» ይላል። ሰቀልኩ። ቦርሳው ራሱ በነፋስ እየተወዛወዘ ትራይፖዱን ይገፋው ጀመር። ያን የጻፈው ሰው የአንኮበርን አፋፍ አያውቀውም። ቦርሳ መስቀል ካለባችሁ ታቹ መሬት ይንካ። ከዚያ ይልቅ እግሮቹን አሳጥሮ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ማየት መቶ እጅ ይሻላል። እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው። ግን የሴትዮዋ ጉልበት አይታጠፍም ነበር፤ እሳቸው ሰረዙን ሳያዩ ተመለሱ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

130 ኪሎ ሜትር ተመልሼ ሱቁ ሄድኩ። «ዕቃ ከወጣ በኋላ አይመለስም» ተብሎ ደረሰኙ ግርጌ ላይ ተጽፏል። ይሁን፣ ይቀየርልኝ አልኩ። ያ አፈ ቅቤ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ይሄ እኮ የካሜራ ነው። ለቴሌስኮፕ መሆኑን መች ነገርከኝ?» ቴሌስኮፑ እኮ ክርኑ አጠገብ ነው የነበረው! «አለቃው ይምጣ» ተባለ። አለቃው ሻይ ሊጠጣ ወጥቷል። ሻዩ እስከ ምሳ ቆየ። አለቃው ሲመጣ ያለኝ ደግሞ ይባስ፦ «በምትኩ ሪንግ ላይት ውሰድ፣ አሁን ገበያው እሱ ነው።» ሪንግ ላይት! ክቡን መብራት ለጭላዳ ላብራበት? እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል።

መፍትሔው የተገኘው እዚያው ደብረ ብርሃን፣ አንድ ሰርግ ቀራጭ ቤት ነው። ጊምባል የሚሉትን፣ በእጅ የተያዘ ካሜራ እንዳይንቀጠቀጥ የሚያደርገውን ዕቃ ከገዛ ወዲህ ትልቁን የአሉሚኒየም ትራይፖድ ጓዳ ጥሎታል። «ጋሼ፣ ይሸጣል?» አልኩት። «ኧረ ውሰድልኝ፣ ቤቱን አጣቦኛል» አለኝ። ሳልጠይቀው እሱ ራሱ በሩ ላይ ዘረጋልኝ። ከአስፋልቱ ማዶ ያለውን የመድኃኒት ቤት ታፔላ በ60 እያየሁ የቴሌስኮፑን ጫፍ በጣቴ መታ አደረግኩት። ሁለት ብዬ ሳልቆጥር ፊደሎቹ ረጉ። በካርቦኑ ተመሳሳዩን ሳደርግ አምስት ቆጥሬም ይንቀጠቀጣሉ። ከዚህ የተሻለ መፈተኛ አላውቅም።

የዚህኛው ትራይፖድ ራስ ቦል ሄድ ሳይሆን ቪድዮ ሄድ የሚሉት ነው፤ እጀታ አለው። ሽቅብ ቁልቁሉና ግራ ቀኙ ለየብቻ ይጠብቃል። ዘይት ውስጥ ያለ ይመስል ለስልስ ብሎ ይዞራል፣ የተዉት ቦታም ይቆማል። ጀማ ላይ አጥንት ከሰማይ ጥሎ የሚሰብረውን አሞራ፣ ጓሳ ላይ ሣር ለሣር የምትሄደውን ቀይ ቀበሮ ለመከተል ሌላ ነገር አትፈልጉ። በውርጭ ጠዋት ይደርቃል፤ ወዲያ ወዲህ ስታደርጉት ይለቃል።

አንድ ነገር ጎደለው፣ የፕሌቱ፣ ማለትም ቴሌስኮፑ የሚታሰርበት ጠፍጣፋ ነገር፣ ብሎን። የሕንጻ ዕቃ መሸጫ ባለ 6 ሚሊ ብሎን ሰጡኝ፤ የሚገባ ይመስላል። እንዳትሞክሩት! የቴሌስኮፑ ቀዳዳ ሩብ ኢንች ነው፣ በኢንች 20 ጥርስ። ባለ 6 ሚሊው ዞር ዞር ይልና የጠበቀ መስሎ ጥርሱን ይበላዋል። የኔ መፍትሔ ከካርቦኑ ፕሌት ላይ መፍታት ሆነ። ልኩ ነው፣ ሁለቱም ያው ሩብ ኢንች ናቸው።

ውጭ አገር ያሉ ሰዎች «በተቻለ መጠን ቀላል ግዙ» ይላሉ። እኔ አልስማማም። ወፍራም ካርቦን መግዛት የሚችል ይግዛ፣ ጥሩ ነው፣ ንዝረት ይውጣል። በኛ አቅም የሚገኘው ስስ ካርቦን ግን ከከባድ አሉሚኒየም አይስተካከልም። እግሩ ሦስት ክፍል እንጂ አራት አይሁን። የመሃሉን ዘንግ በፍጹም አትሳቡት። ማያው ያዘነበለ ከሆነ ቁመቱን ለአጭሩ እንግዳ ልክ አድርጉ፣ ረጅሙ ጎንበስ ይበል። አሉሚኒየም በብርድ ጣት ያሳምማል። ላይኛውን እግር የብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ጠቅልሉበት።

ካርቦኑን በስልክ ቲክቶክ ለሚሠራ ልጅ ሸጥኩለት። ለስልክ ጥሩ ነው፣ ነፋስ ላይ ግን እንዳታቆመው አልኩት። ብሎን እንደሌለውም አሳየሁት። በዚያች ብሎን አሳቦ ዋጋ ቀነሰብኝ።